የዞረ ድምር

ለስድስት ቀን ጳጉሜ የሙሉ ወር ወለድ ያስከፈለውን ኮድ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። 2015 ዓ.ም. ላይ አንድ የቁጠባና ብድር ተቋም እኛ የሠራንለትን ሶፍትዌር መጠቀም ጀምሮ ነበር። ሲስተሙ የሚሠራው በኛው አቆጣጠር ነው። ወር ሲያልቅ የእያንዳንዱን ተበዳሪ ሒሳብ ያይና ወለድ ይደምራል። እኔ ደግሞ ወር ወር ነው ብዬ፣ ከ1 እስከ 13 እየቆጠረ ለእያንዳንዱ እኩል የወር ወለድ እንዲያስብ አድርጌ ጻፍኩት። ከጥቅምት እስከ ሐምሌ ስንፈትሸው አንድም ስህተት አልታየም። እንዴት ይታይ? ስህተቱ የተደበቀው ጳጉሜ ውስጥ ነበር፤ ጳጉሜ ደግሞ እስክትመጣ ድረስ ማንም አያስታውሳትም።

የመስከረም የመጀመሪያው ሳምንት ላይ አንዲት በርበሬ የሚነግዱ እናት የሒሳብ ደብተራቸውን ይዘው መጡ። በእስክሪብቶ የደመሩትና ሲስተሙ ያወጣው አልገጠመላቸውም። «ልጄ፣ የስድስት ቀን ወር የት አገር ነው ያያችሁት? ደመወዝ የማይከፈልበት፣ የቤት ኪራይ የማይጠየቅበት ወር እኮ ነው!» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። አከራዮች እንኳን የሚምሩትን ወር ነው እኔ ያስከፈልኩት።

ያኔ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር። ሁሉንም ልጣለው። አዲስ ፎልደር፣ አዲስ ዳታቤዝ፣ አዲስ ዓመት፣ ከመስከረም 1 ጀምሮ ንጹሕ ገጽ። ኮድ የምትጽፉ ታውቁታላችሁ፤ የተበላሸ ነገር ከመጠገን እንደ አዲስ መጀመር ሁልጊዜ ይጣፍጣል። ሐሳቤን ለተቋሙ ሒሳብ ሹም ነገርኳቸው። ጡረታቸው የደረሰ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አውልቀው «ጥሩ። የዞረውንስ የት ልታደርገው ነው?» ብለው ጠየቁኝ።

የዞረ ድምር ሲባል የኔ ትውልድ ትዝ የሚለው መስከረም 2 ጠዋት ላይ ያለው ራስ ምታት ነው። ለሳቸው ግን መዝገብ ነው። የዓምናው ገጽ መጨረሻ ላይ ያለው ቀሪ የዘንድሮው ገጽ የመጀመሪያ መስመር ላይ ይጻፋል፤ አጠገቡም «ከዓምና የዞረ» ይባላል። ያ መስመር የሌለው አዲስ መዝገብ ለሒሳብ ሹም መዝገብ አይደለም። ቃሉ ከሒሳብ ቤት ወደ መጠጥ ቤት መቼ እንደተሻገረ እንጃ፣ ግን የተሻገረው ትርጉሙን ይዞ ነው። ትናንት ያልከፈልከውን ዛሬ ጠዋት ትከፍላለህ።

ኮዱን ለማስተካከል ስል የዘመን አቆጣጠራችንን ከሥሩ ማየት ነበረብኝ። በሰፈራችን ቤተ ክርስቲያን ወደሚያስተምሩ አንድ የኔታ ዘንድ ሄጄ ባሕረ ሐሳብን በትንሹ ተማርኩ። ቤተ ክርስቲያን የዚህን ስሌት መነሻ የምትሰጠው በ3ኛው መቶ ዘመን መግቢያ ላይ ለነበረው ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት ለድሜጥሮስ ነው። አቡሻኽር የሚባለው መጽሐፍ ደግሞ የ13ኛው መቶ ዘመን ግብፃዊ ሊቅ ሥራ ሲሆን ከዓረብኛ ወደ ግዕዝ ተመልሶ የኛ ሊቃውንት የሚማሩት ሆኗል። እኔ ከአንድ ቃል በላይ ለመሄድ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ቃሉ አበቅቴ ነው።

ስሌቱ ከባድ አይደለም፣ አብራችሁኝ ሥሩት። 2018ን ውሰዱ። 5500 ደምሩበት፤ 7518 ይሆናል፤ ይህ ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ስታካፍሉት 395 ጊዜ ይደርስና 13 ይቀራል። ከ13ቱ አንድ ቀንሱ፣ 12። ይሄ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 አባዙት፣ 132 ይመጣል፤ ለ30 ስትገድፉት 12 ይቀራል። አበቅቴ ማለት ይሄ ነው። ያንኑ ወንበር በ19 ስታባዙት 228 ይሆናል፤ ለ30 ተገድፎ የሚቀረው 18 መጥቅዕ ይባላል። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 ናቸው። ከመጥቅዑ ተነሥታችሁ ነነዌን፣ ዐቢይ ጾምን፣ ትንሣኤን ታወጣላችሁ፤ የ2018ቱ ነነዌ ጥር 25፣ ፋሲካው ሚያዝያ 4 ላይ ነው የሚወጣው።

11 ከየት መጣ? የፀሐይ ዓመት 365 ቀን፣ የጨረቃ ዓመት 354 ቀን ነው። በየዓመቱ ፀሐይና ጨረቃ በ11 ቀን ይተላለፋሉ፤ ያ ልዩነት አይጠፋም፣ ይከማቻል። አበቅቴ የዚህ ክምችት ቁጥር ነው። ማለትም አዲሱ ዓመት በር ላይ ሲደርስ ሊቁ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ካለፈው ምን ተርፎ መጣ?» ብሎ ነው፤ በዓላቱን የሚያወጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሒሳብ ሹሙ የጠየቁኝ ጥያቄ እኮ ነው! አበቅቴ ዜሮ የሚሆንበት ዓመት አለ፣ ግን በ19 ዓመት አንዴ ብቻ ነው። የመጨረሻው 2006 ነበር፣ ቀጣዩ 2025 ነው። ያ ሁሉ ርችት የተተኮሰለት 2000 ዓ.ም. እንኳ የገባው 23 አበቅቴ ተሸክሞ ነው።

ስሌቱን ስሠራ አንድ ደረጃ ዘልዬ ነበር፤ ከ13 ላይ የሚቀነሰውን አንድ። መልሱ ተበላሸ። የኔታ ሳቁና «አንዱን ስለ ዘመን ተወው» አሉኝ። ለምን? ምክንያቱም የገባው ዓመት ገና አልተፈጸመም። የሚሰላው ባለቀው ላይ ነው፤ የተጀመረው ዓመት እስኪያልቅ ድረስ አይቆጠርም። ነሐሴ ላይ ሆኜ የሚቀጥለውን ዓመት ደመወዝ፣ ያላነበብኩትን መጽሐፍ፣ ያልጀመርኩትን ስፖርት ሁሉ እንደተፈጸመ አድርጌ የማቅድ ሰው ስለሆንኩ ይህቺ አንድ ቁጥር ትንሽ ቆንጥጣኛለች። አሁን የዓመት ዕቅድ ስጽፍ የምነሣው ባለፈው ዓመት በእርግጥ ካደረግኩት ነው። ሁለት መጽሐፍ ካነበብኩ ዕቅዴ ሃያ አራት አይሆንም።

ጳጉሜ ራሷ የትርፍ ታሪክ ናት። ስሟ ከግሪክ የመጣ ሆኖ «የተጨመረች» ማለት ነው። ጥንታዊ ግብፃውያን አሥራ ሁለት ወር ሠላሳ ሠላሳ ቀን አድርገው ቆጠሩና አምስት ቀን ተረፋቸው። ፕሉታርክ የጻፈው አፈ ታሪክ፣ አንድ አምላክ ከጨረቃ ጋር ተጫውቶ ከብርሃኗ ላይ እያሸነፈ አምስቱን ቀን እንዳገኘ ይናገራል። ቀናቱ ግን አልበቁም፤ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን ስለሚጎድል አዲስ ዓመታቸው ከወቅቱ እየሸሸ ሄደ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ238 ሣልሳዊ በጥሊሞስ ስድስተኛ ቀን ይጨመር የሚል ዐዋጅ አስወጥቶ ነበር። ዐዋጁ በድንጋይ ተቀርጾ ቆመ እንጂ አልተሠራበትም። ነገሩ የጸናው የሮሙ አውግስጦስ ግብፅን ከያዘ በኋላ ነው። የጳጉሜ 6 ታሪክ ይሄ ነው። የኔን ኮድ የገደለችው ቀን ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በዐዋጅ የመጣች ናት።

ሌላም ነገር አለ። የጥንት ግብፃውያን አዲስ ዓመታቸውን መጀመሪያ የሚያያይዙት ከዓባይ ሙላት ጋር ነበር። ያ ሙላት በአብዛኛው የኛ ክረምት ነው፤ በዓባይና በተከዜ በኩል የሚወርደው ዝናብ። እነሱ ውኃው ሲደርስ ዓመቱ መጣ ይላሉ፣ እኛ ዝናቡ ሲያቆም። አንድ ዝናብ፣ ሁለት አዲስ ዓመት። እንቁጣጣሽ የሚለውን ስም ከንግሥተ ሳባና ከ«እንቁ ለጣትሽ» ጋር የሚያገናኘው ትረካ የሚያምር ነው፤ እኔ ግን መስከረም መስከረም የሆነችው አደይ አበባ ስለፈነዳ፣ ጭቃው ስለደረቀ፣ መንገድ ስለተከፈተ ነው ብዬ አምናለሁ። ክረምት የተቋረጠ መንገድና ትምህርት ሁሉ እንደገና የሚቀጥለው ያኔ ነው። «እንደገና የሚቀጥለው» ነው ያልኩት። በዓሉም ቅዱስ ዮሐንስ የሚባለው ለዚሁ ይመስለኛል፤ መጥምቁ በብሉይና በሐዲስ መካከል የቆመ መሸጋገሪያ ነው። የመልካም ምኞታችንም ቃል «አሸጋገረን» ነው። የሚሸጋገር ሰው ደግሞ ዕቃ ይይዛል።

እንደኛው አሥራ ሁለት ባለ ሠላሳ ቀን ወርና አምስት ወይም ስድስት ትርፍ ቀን ያለው አቆጣጠር የሞከሩ ሌሎች ሰዎችም ነበሩ፤ የፈረንሳይ አብዮተኞች። እነሱ ግን የፈለጉት መሸጋገር አልነበረም። ንጉሣዊ አገዛዝ የተሻረበትን ወቅት፣ እ.ኤ.አ. መስከረም 22 ቀን 1792ን፣ የአንደኛው ዓመት መጀመሪያ አደረጉት። ሳምንቱን አሥር ቀን አደረጉት፣ ቀኑን አሥር ሰዓት፣ ሰዓቱን መቶ ደቂቃ። ለኢንጂነር ዓይን ይህ በጣም ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ሠራተኛው ግን ቆጠረው። ድሮ በሰባት ቀን አንዴ ያርፍ የነበረ ሰው አሁን በአሥር ቀን አንዴ ሊያርፍ ነው። የአሥር ሰዓቱ ቀን ሁለት ዓመት እንኳ ሳይቆይ ተተወ። አቆጣጠሩን ደግሞ ናፖሊዮን ከጃንዋሪ 1 ቀን 1806 ጀምሮ ሻረው። ከአንድ የተጀመረው ዘመን አሥራ አምስት እንኳ አልሞላም።

ወደ አገራችን እንመለስ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዓመቱ መጀመሪያ ቀን ማታ፣ የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የሠራውን የወሎ ረሃብ ፊልም አሳየ። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ግብዣና ድግስ ምስሎች እየገቡ ነበር። በማግስቱ ጠዋት፣ መስከረም 2፣ መኰንኖች ኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት ገብተው የመሻሪያውን ቃል ለዐፄ ኃይለ ሥላሴ አነበቡላቸው። ንጉሡ በአንዲት ቮልስዋገን ተጭነው ወደ አራተኛ ክፍለ ጦር ተወሰዱ። በቤተ ክርስቲያን መስከረም 2 የመጥምቁ ዮሐንስ አንገት የተቆረጠበት መታሰቢያ ነው። ደርግ ይህን አስቦበት ነው ለማለት ምንም መነሻ የለኝም፣ ግን ስደርስበት ደንግጫለሁ።

የዚያን ቀን ደስታ አቅልሎ ማየት አይገባም። በወሎ ሰው በረሃብ አልቋል። ባላገሩ የሚያርሰው መሬት የሱ አልነበረም። ሥርዐቱ ሄዶ ሌላ መምጣቱ ለብዙ ወጣት የእውነት አዲስ ዓመት ነበር። ግን በዚያው ቀን ዐዋጅ ሕገ መንግሥቱ ታገደ፣ ፓርላማው ተዘጋ፣ ሥራ ማቆምና ሰልፍ ተከለከለ። ማን ምን አጠፋ፣ ማን ለማን ምን ዕዳ አለበት የሚለውን በፍርድ የማጣራት ሥራ ተጀምሮ ነበር፤ መርማሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ የረሃቡን ጉዳይና የሹማምንቱን ሥራ እየመረመረ ነበር። ያ አዝጋሚ ሥራ ነው፤ ቀሪ ማውጣት ሁልጊዜ አዝጋሚ ነው። ኅዳር 14 ቀን ማታ ደርግ ወደ ስልሳ የሚጠጉ ሰዎችን ያለ ፍርድ ረሸነ። አዲሱ ዓመት ገና ሦስት ወር አልሞላውም። መስከረም 2 ለአሥራ ሰባት ዓመት የአብዮት በዓል ሆኖ በሰልፍ ሲከበር ኖረ። የዞረው ግን እየዞረ ቆየ፤ ከዚያች ሌሊት የተራረፈው ቂም አሁንም በእኛ ቤት ውስጥ፣ በቡና ሰዓት ጨዋታ መካከል ድንገት ብቅ ይላል። የማን አያት የት እንደነበረ ይጠየቃል።

እኔ በዓይኔ ያየሁት አዲስ ዓመት ግን 2011 ነው። ዕድሜዬ ሃያ አካባቢ ነበር፣ ያየሁትም በስልክ ስክሪን ነው፤ ከዚያ በኋላ ያን ያህል ስክሪን ላይ አላለቀስኩም። መስከረም 1 ቀን የኢትዮጵያና የኤርትራ መሪዎች ቡሬና ዛላንበሳ ላይ ተገኝተው ለሃያ ዓመት የተዘጋውን ድንበር ከፈቱ። ወታደሮች ተቃቀፉ። እናቶች መሬት ሳሙ። ከጦርነቱ ወዲህ ያልተያዩ ወንድማማቾች መንገድ ላይ ተገናኙ። አስቡት፣ ምሽግ ሆኖ የኖረ ቦታ ላይ አደይ አበባ ይዘው የሚሮጡ ሰዎች።

መንገዱ ከተከፈተ በኋላ መኪናውም ሰዉም ይሄድ ጀመር። ጉምሩኩ ግን እንዴት ነው? ናቅፋው በብር ስንት ይመነዘራል? በ1993 አልጀርስ ላይ የተፈረመው ስምምነት፣ የድንበር ኮሚሽኑ በ1994 የሰጠው ውሳኔስ መሬት ላይ መቼ ነው የሚሰመረው? ባድመ የማን ናት የሚለው፣ ለዚያ ሁሉ ሺህ ሰው ሞት ምክንያት የሆነው ጥያቄ፣ ዝግ ፋይል ሆኖ አልተዘጋም ነበር። በዓሉ የመጣው ከቀሪው ስሌት በፊት ነው። መተላለፊያዎቹ በወራት ውስጥ አንድ በአንድ ተመልሰው ተዘጉ። ጥቅምት 24 ቀን 2013 ደግሞ በትግራይ ጦርነት ተጀመረ፤ ዛላንበሳ ከፈረሱት ከተሞች አንዷ ሆነች። ጦርነቱ ብዙ ምክንያት አለው፣ ሁሉንም በአንድ የዞረ ሒሳብ ላይ ልጭነው አልፈልግም። ግን ያንን ቪዲዮ ዛሬም ሳየው ዓይኔ የሚሄደው ከሚተቃቀፉት ሰዎች ይልቅ ከኋላቸው ወዳለው ባዶ ሜዳ ነው። የጉምሩክ ጠረጴዛ እንኳ የለም።

ቀሪን አውጥቶ መሻገር የማይቻል ነገር አይደለም። ሲዳማዎች ለፊቼ ጨምበላላ የሚያደርጉትን እዩ። አዲስ ዓመታቸው በተወሰነ ቀን አይውልም፤ አያንቶ የሚባሉት አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው ቀኑን የሚያውጁት። በበዓሉ ሽማግሌዎች የተጣሉትን ያስታርቃሉ፣ ከቆጮና ከቅቤ የሚሠራውን ቡርሳሜ ቤተሰብና ጎረቤት አብሮ ይበላል። ይህ ባህል በ2008 በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከተጣላችሁት ሰው ጋር ከአንድ ገበታ መብላት ፖስት ከማድረግ በጣም ይከብዳል።

በየቤታችንም ለዚህ የተሠራች ጊዜ አለችን፤ ጳጉሜ። ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ቀን፣ ርኅወተ ሰማይ፣ ሰማይ የሚከፈትበት ነው ተብሎ ልጆች ዝናብ ላይ ራቁታቸውን ሲሮጡ ያላየ የለም። እናቶቻችን በነዚያ ቀናት ቤቱን ይገለብጣሉ። አልጋው ይነሣል፣ ከሥሩ የጠፋ ካልሲና የተሰበረ ብርጭቆ ይወጣል። በቅርብ ዓመታት መንግሥትም ለእያንዳንዱ የጳጉሜ ቀን ስም እየሰጠ ማክበር ጀምሯል። እኔ ስም አልሰጣቸውም፣ ግን ከ2015 ወዲህ ቀናቱን ለአንድ ነገር ለይቻቸዋለሁ፤ ምንም አዲስ ነገር አልጀምርባቸውም። የተበደርኩትን እቆጥራለሁ። መልስ ያልሰጠሁባቸውን መልእክቶች ከታች ወደ ላይ እከፍታለሁ፤ አንዳንዱ የስምንት ወር ነው፣ ያሳፍራል። ዓምና በዚህ መንገድ ለአንድ የዶርም ጓደኛዬ ደወልኩ። በፖለቲካ ተጣልተን ሁለት ዓመት አልተነጋገርንም ነበር። አልታረቅንም፣ እውነቱን ለመናገር። ግን ምን ላይ እንደተጣላን ሁለታችንም በየፊናችን ስንናገር ነገሩ የተለያየ ሆኖ ተገኘ፤ እሱ የሚያስታውሰውን ዓረፍተ ነገር እኔ መናገሬን ረስቼዋለሁ።

ሶፍትዌሩን በተመለከተ፣ አልጣልኩትም። ሒሳብ ሹሙና እኔ ሦስት ምሽት ቁጭ ብለን የእያንዳንዱን ተበዳሪ የጳጉሜ ወለድ ወደ ስድስት ቀን አወረድነው። ትርፍ የተወሰደባቸውን ሁሉ ልዩነቱን መለስንላቸው። ስሌቱን ራሱን ከወር ወደ ቀን ቀየርኩት፤ ጳጉሜ አምስትም ሆነች ስድስት ሲስተሙ የሚያውቀው ቀናቱን ነው። ከዚያ በኋላ የ2016 መዝገብ ተከፈተ፤ የመጀመሪያው ዓምድ ስሙ «ከዓምና የዞረ» ነው። እንዲያ እንዲባል ያደረጉት ሒሳብ ሹሙ ናቸው፤ እኔ ሌላ ስም ሰጥቼው ነበር።

እኚያ እናት ሲመጡ ደረሰኛቸውን አትሜ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አድርገው ደብተራቸውን ከፈቱና እስክሪብቶ አወጡ። ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች፣ መስመር በመስመር፣ እኔ ፊት ለፊታቸው ቆሜ እየጠበቅኩ፣ እንደገና ደመሩት።